ጥቁሩ ንስር በአባቴ ሣጥን ላይ

አባቴ ከመሞቱ በፊት የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሣጥኑ በወይን ለቃሚዎቹ ማኅበር ባንዲራ እንዲሸፈን። ድምፁ ስላለቀ እናቴ ጆሮዋን አፉ ላይ አስጠግታ ነው የሰማችው። እኔ ከአልጋው ግርጌ ቆሜ ነበር፤ ምን እንዳላት ያወቅሁት ከፊቷ ነው።

ባንዲራው ቀይ ነው። መሐሉ ላይ ነጭ ክብ አለ፤ በክቡ ውስጥ ክንፎቹ እንደ ደረጃ የተሰበሩ ጥቁር ንስር። አባቴና እናቴ ወጣት ሳሉ፣ ወይን አንለቅምም ብለው ከባለ እርሻዎቹ ጋር ሲሟገቱ በአውራ ጎዳናው ጠርዝ ይዘውት የሄዱት ነው። በእኛ ከተማ፣ በፓሎ ሴኮ፣ የማኅበሩ ሰው ሲሞት ሣጥኑ ላይ ይነጠፋል። ጉድጓዱ አፍ ሲደርስ ይነሣና ታጥፎ ለሚስቱ ይሰጣል።

ችግሩ ንስሩን ሌሎችም መውሰዳቸው ነው። ሰሜኖች የሚባሉት ወሮበሎች ክንዳቸው ላይ ይነቀሱታል፤ ግድግዳ ላይ ከአሥራ አራት ቁጥር ጎን ይሥሉታል። ቀዩም የእነሱ ቀለም ሆኗል። ወንድሜ ሊሳንድሮ ያለው ደግሞ እስር ቤት ነው፤ ከጠላቶቻቸው ከደቡቦቹ ጋር።

ሊሳንድሮ ከመታሰሩ በፊት የማንም ወገን አልነበረም። የሰው መኪና ሰርቆ ነው የገባው። ሲገባ ጠባቂው «ከየት ነህ?» አለው፤ የከተማችንን ስም ተናገረ። ሌላ ምን ይበል? ከመስኖው ቦይ ወዲያ ያሉት የሰሜን ናቸው፣ ወዲህ ያለነው የደቡብ። ቦዩን የቆፈሩት ሰዎች ስለ ውኃ እንጂ ስለ ሌላ አላሰቡም። በዚያች አንድ መልስ ግን ወንድሜ ከደቡቦቹ ጋር አንድ ክፍል ገባ፤ ከእነሱ ጋር በላ፤ ጠብ ሲነሣ ከእነሱ ጋር ቆመ። በኋላ ልጠይቀው ስሄድ ክንዱ ላይ ሁለት መስመርና ሦስት ነጥብ ተነቅሶ አየሁ። የጥንት አያቶቻችን አሥራ ሦስትን እንዲያ ነበር የሚጽፉት፤ አሥራ ሦስት የደቡቦቹ ቁጥር ነው።

«አያምርም?» አለኝ።

«በሂሳብ ወድቀህ አልነበር?»

ሳቀ። በመጪው ጸደይ ይፈታል።

አባቴ ባረፈ ማግስት ደወለ። እዚያ ያለው ስልክ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ነው፤ ከኋላው ተራ የሚጠብቅ ሰው ይቆማል፤ ጥሪው እየተቀዳ መሆኑን የማሽን ድምፅ በየመሐሉ ይናገራል። ስለዚህ ማንም እዚያ ሆኖ ልቡ ውስጥ ያለውን አያወራም።

«እዚህ ያሉት ቄስ ነገሩኝ» አለ። «እማዬስ?»

«ልብስ እያጠበች ነው። የታጠበውን መልሳ ታጥባለች።»

«ምን አልብሳችሁ ነው የምትቀብሩት?»

«ቡኒውን ሱፍ።»

«ሣጥኑ ላይስ?»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩ።

«አበባ አድርጉበት» አለ። «ነጭ አበባ። ሌላ ምንም አይኑርበት። እሺ ኔሬ?»

«እሱ የጠየቀው ሌላ ነው።»

«የጠየቀውን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። እኔ የምለምንሽ አበባ ነው።»

ከኋላው ያለው ሰው አንድ ነገር ብሎ ሲስቅ ተሰማኝ። ወንድሜም አብሮት ሳቀ፤ የእሱ ሳቅ ግን አልነበረም።

ወደ ጓዳ ስገባ እናቴ ባንዲራውን ዘርግታ እየተኮሰችው ነበር። ንስሩን የሰፋችው እሷ ናት፤ ከጥቁር ቀሚሷ ቀድዳ። ስፌቱ ላይ ስትደርስ ካውያውን ታነሣና በእጇ ትዳብሰዋለች።

«እማዬ፣ ሊሳንድሮ አይሆንም ይላል።»

«የአባቱን ቀብር ከእስር ቤት ሆኖ ነው የሚያዘው?»

«ይገድሉታል።»

«እነማን? እነዚያ የጎረቤት ልጆች? እኔ አይደለሁም ወይ ሽንት ጨርቃቸውን የቀየርኩላቸው?»

«እሱን አያስታውሱትም እማዬ።»

«እንግዲያው እኔ አስታውሳቸዋለሁ።» ካውያውን ቀጥ አድርጋ አቆመችው። «ፖሊስ በዱላ ጀርባዬን ሲለኝ ይሄን አልጣልኩም። አሁን ለሰፈር ዱርዬ ብዬ ልደብቀው ነው የምትይኝ? አባትሽ በሕይወቱ ሌላ ምን ጠየቀ? ጨው እንኳ አቀብዪኝ ብሎ የማያስቸግር ሰው ነበር።»

ይሄ እውነት ነው። እየተነሣ ራሱ ያመጣ ነበር።

ዶን ቶሪቢዮ ዘንድ የሄድኩት ሌላ በር ስላልነበረኝ ነው። ፀጉር ቆራጭ ናቸው። ጉልምስናቸውን እስር ቤት ጨርሰው የወጡ ሰው ናቸው፤ ከጆሯቸው ሥር የደቡቦቹ አለቆች ምልክት የሆነ የደበዘዘ ጥቁር እጅ ተነቅሶባቸዋል። በፓሎ ሴኮ ያሉ ደቡቦች የሚሰሙት እሳቸውን ነው። ስገባ ወንበሩ ባዶ ነበር። ምላጫቸውን እየጠረጉ በመስታወቱ ውስጥ አዩኝ።

«የአቡንዲዮ ልጅ። ነፍሱን ይማር። ጥሩ ሰው ነበር፤ ጉርሻ መስጠት ባይወድም።»

«ዶን ቶሪቢዮ፣ ስለ ባንዲራው ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት።»

«አውቄያለሁ። ቁጭ በይ።»

ያለው ወንበር የደንበኛው ብቻ ስለነበር እሱ ላይ ተቀመጥኩ። በመስታወቱ ውስጥ ነው የተነጋገርነው።

«የእናቴ ሣጥን ላይም ነበረ» አሉ። «ያኔ ገና ማንም አልወሰደውም ነበር።»

«እንግዲያው ይገባዎታል።»

«ስለገባኝ ነው አይሆንም የምልሽ። ስሚ። መጀመሪያ ሁሉም አንድ ነበሩ፤ በልጆች እስር ቤት እርስ በርስ ለመጠባበቅ የተሰበሰቡ የትልቅ ከተማ ልጆች። በኋላ ከሰሜን የገበሬ ልጆች መጡ፤ ጭቃ እግር እያሉ ሳቁባቸው። በአንድ ጥንድ ጫማ ተጣሉ ይባላል። ጫማውን ያየ ሰው እስካሁን አላገኘሁም። የሞቱትን ግን አይቻለሁ። ገበሬ ተብለው ሲሰደቡ ሰሜኖቹ ስድቡን ልብስ አድርገው ለበሱት፤ የገበሬውን ወፍም አነሡ። እኔ የወይን ለቃሚ ልጅ ነኝ። እዚያ ስገባ ግን ከሚስቁት ጋር ሳቅሁ። አባትሽን ማንም አልጠየቀውም፤ እናቴንም አልጠየቋትም።»

«እርስዎ አንድ ቃል ቢልኩላቸውስ?»

«እዚያ ያሉት ልጆች ናቸው። ስሜን ያውቁታል፤ እኔን አያውቁኝም። ዛሬ እሺ ይሉኛል፣ ነገ ከመካከላቸው ስም የሚፈልግ አንዱ ይነሣል።»

«ምን ያደርጉታል?»

ምላጩን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። «ይጠራጠሩታል። የተጠረጠረ ሰው ሥራ ይሰጠዋል። አንድ ሰው ያሳዩትና በእጁ ስለት ያስይዙታል። ከሠራው ንጹሕ ነው፤ ከእስር ግን ዕድሜ ልኩን አይወጣም። ካልሠራው ሥራው በራሱ ላይ ይሠራል።»

«ወደ ጠባቂዎቹ ቢጠጋስ?»

«ይችላል። እንደ እሱ የከዱት ወዳሉበት ይወስዱታል፤ በሕይወት ይኖራል። ከዚያ በኋላ ፓሎ ሴኮ ለእሱም፣ ለእናትሽም፣ ለአንቺም አገር አትሆንም። እኔም ባይሽ አላውቅሽም። ይሄን የምልሽ ደስ ብሎኝ እንዳይመስልሽ።»

እጄ የወንበሩን እጀታ ጨብጦ እንደነበር ያየሁት በመስታወቱ ነው። «ከውስጥ ቢሆንስ?» አልኩ። «ደረቱ ላይ አድርገን ሣጥኑን ብንዘጋው?»

«የተዘጋ ሣጥን ውስጥ ያለውን እኔ አላይም» አሉ በመጨረሻ። «ሌላም ሰው አይየው።»

እናቴን እሺ ለማሰኘት እስከ ማታ ድረስ ፈጀብኝ። አልጮኸችም። ባቄላ እየለቀመች፣ ጠጠሩን ወደ ጎን እያደረገች ሰማችኝ። ሳህኑ ሲያልቅ «እሺ» አለች። «የማለብሰው ግን እኔ ነኝ። የቀብር ቤቱ ሰው እጁን እንዳያስገባ።»

እሷው አለበሰችው። ባንዲራውን አራት አጥፋ ከሱፉ ኮት ሥር፣ ከሸሚዙ ላይ አደረገችው። ደረቱ ትንሽ ከፍ አለ፤ ትንፋሽ የያዘ መሰለ። ከዚያ ቁልፎቹን ቆለፈች፤ ክዳኑም ተዘጋ። ያን ጊዜ ወንድሜን ያተረፍኩት መሰለኝ።

የማኅበሩን ሰዎች እኛ አልጠራናቸውም። የቀብሩን ሰዓት ሬዲዮ ላይ ሰምተው ነው የመጡት። የመቃብሩ ቦታ በወይን እርሻዎች መሐል ነው፤ መኪኖቻቸው አቧራ እያስነሡ ከቦዩ ወዲያ ሲመጡ ከሩቅ ይታዩ ነበር። አሮጌ ፒክ አፖች፣ አንድ የቤተ ክርስቲያን ሚኒባስ። ሲወርዱ ሁሉም ቀይ ሸሚዝ ለብሰዋል። ሽማግሌዎች ናቸው፤ እርስ በርስ ተደጋግፈው ነው ከሚኒባሱ የወረዱት። እኛ የፓሎ ሴኮ ሰዎች ጥቁርና ነጭ ለብሰን ቆመን ነበር፤ ሲቀርቡ አንዳንዱ ጎረቤቴ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሲል አየሁ።

ዶን ሲክስቶ፣ ከአባቴ ጋር በአንድ መደዳ ወይን ይለቅሙ የነበሩት፣ ሣጥኑን አይተው ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«ባንዲራው የታለ? ረሳችሁት?»

«አልረሳነውም ዶን ሲክስቶ፤ እንዲያው…»

«አይዞሽ፣ ሐዘን ያስረሳል። እኛ ይዘናል።» ዞር ብለው «ኤርሚኒያ፣ ትልቁን አምጪው» አሉ።

ዶኛ ኤርሚኒያ በከዘራቸው ተደግፈው፣ ትልቁን ባንዲራ በብብታቸው ይዘው መጡ። ያኔ በአውራ ጎዳናው ይዘውት የተጓዙት ነው፤ ጠርዙ በፀሐይ ወደ ሮዝ ነጥቷል። «ይተዉት፣ እባክዎ» አልኳቸው። ስለ ድካማቸው ያሰብኩ መስሏቸው ጉንጬን ዳበሱኝ። ነጭ አበባዎቹን አንድ በአንድ፣ በጥንቃቄ፣ ሣሩ ላይ አስቀመጡ። ከዚያ ሁለቱ ሽማግሌዎች ባንዲራውን ዘረጉትና ሣጥኑን ሸፈኑት። ንስሩ ልክ ደረቱ ላይ ዋለ።

አንድ ሰው ማጨብጨብ ጀመረ። የእነሱ ማጨብጨብ ቀስ ብሎ ነው የሚጀምረው፣ እንደ ሰልፍ እርምጃ፤ ከዚያ ይፈጥናል። ሁሉም ተከተሉ። ወደ እናቴ ዞርኩ። እጇ ላይ የያዘችውን መቁጠሪያ ለቄሱ ሰጥታ እያጨበጨበች ነበር። አንገቷ ቀና ብሏል። እንባዋ እየወረደ ትስቅ ነበር።

የባንዲራውን ጫፍ ያዝኩና ሳብኩት። ዶን ሲክስቶ ሌላውን ጫፍ ይዘው ነበርና አለቀቁም። እንደ ሕፃን ተጓተትን።

«ምን ሆነሻል ልጄ?»

«ወንድሜ ይሞታል።»

ጮክ ብዬ አልተናገርኩም። ግን ቅርብ ያሉት ማጨብጨባቸውን አቆሙ፤ ከዚያ ቀጥለው ያሉት፤ ከዚያ ሁሉም።

«በዚህ?» አሉ ዶን ሲክስቶ። ጨርቁን ተመለከቱት። «በዚህ ምክንያት ነው የሚሞተው?»

«ከደቡቦቹ ጋር ነው ያለው።»

«እኛ ማንንም አልገደልንበትም እኮ» አሉ። «ኤርሚኒያ፣ ንገሪያት። ይዘነው ተርበንበታል እንጂ ማንንም አልገደልንበትም።»

ዶኛ ኤርሚኒያ ባንዲራውን ከእኛ እጅ ወስደው ማጠፍ ጀመሩ። ጠርዙን ከጠርዝ ማገናኘት አቃታቸው። እናቴ ሄዳ ያዘችላቸው። ሁለቱም ወደ እኔ አላዩም። አባቴ ዝም ባለ ሰው መሐል ወረደ።

ሰው መበተን ሲጀምር የዶኛ ኤርሚኒያ የልጅ ልጅ መጣች። ሲትላሊ ትባላለች፤ ኮሌጅ ናት። ፊቷ ዓመድ መስሏል።

«ኔሬይዳ፣ እኔ አላወቅሁም ነበር። ሁሉም ሲያጨበጭቡ ፎቶ አነሣሁ። ቆንጆ ስለነበር… ኢንተርኔት ላይ ለጠፍኩት።»

«ምን ብለሽ?»

«ስማቸውን። የከተማውን ስም። ክብር ለእሳቸው ብዬ።»

«አጥፊው።»

«አጥፍቼዋለሁ። ወዲያው ነው ያጠፋሁት። ግን ሰዎች ቀድመው ተቀባብለውታል።»

ስልኳን አሳየችኝ። ሌላ ሰው ገጽ ላይ ነበር። ቀይ ሣጥን፣ ጥቁር ንስር፣ እናቴ እጆቿን አጋጥማ ስትስቅ። ከሥሩ አንድ የማላውቀው ሰው የሰሜኖቹን ቁጥር ጽፎ የሳቅ ምልክት አድርጎበታል። ከእሱ ሥር ሌላው «ይሄ የሊሳንድሮ አባት አይደለም እንዴ?» ብሏል።

ከመቃብር ስንመለስ በዶን ቶሪቢዮ ሱቅ በኩል አለፍን። በሩ ላይ ቆመው ነበር። ሲያዩኝ ወደ ውስጥ ገቡና መጋረጃውን ሳቡ።

ወደ እስር ቤቱ ቄስ ደወልኩ። አባ ኦኖፍሬ ይባላሉ፤ ረጋ ብለው አዳመጡኝ።

«ራሱ ካልጠየቀ ሊያዛውሩት አይችሉም ልጄ» አሉ። «ወይም ሰው ሊጎዳ ነው የሚል ቁርጥ ያለ ነገር ከሌለ። ልጥራውና ላነጋግረው?»

«ሲጠራ ያዩታል።»

«ያዩታል» አሉ።

«እንግዲያው አይጥሩት።»

«ምን ላድርግልሽ ታዲያ?»

ቁጥራቸውን እንደገና አረጋግጬ ዘጋሁ።

ሊሳንድሮ በማግስቱ ከሰዓት ደወለ። እናቴ ጓዳ ነበረች፤ ጎረቤቶች ያመጡት ታማሌ፣ በበቆሎ ቅጠል የተጠቀለለው ምግብ፣ ማንም ሳይነካው ቀዝቅዞ ተቀምጦ ነበር። በቀብሩ ቀን የመጣ እንጂ ከዚያ በኋላ ደጃችንን የረገጠ ጎረቤት የለም።

«አየሁት» አለ።

«ማን አሳየህ?»

«ማን ያላሳየኝ አለ? እዚህ ስልክ የሌለው እኔ ብቻ ነኝ መሰለኝ። እማዬ ትስቃለች እኮ። ጥርሷ ይታያል። የፊት ጥርሷ አንዱ በአንዱ ላይ እንደወጣ አላውቅም ነበር።»

«ሊሳንድሮ፣ ቄሱ ጋ ሂድ።»

«ልናዘዝ?»

«ስልኩን ዝጋና አሁኑኑ ሂድ። እኛ አክስቴ ጋ እንሄዳለን። ቤቱን እንተወዋለን፤ እማዬም እሺ ብላለች፤ ሁሉንም ተነጋግረን ጨርሰናል።»

«ትዋሻለሽ። ስትዋሺ ቶሎ ቶሎ ነው የምታወሪው።»

«እባክህ።»

«የጸደዩን ነገር ተዪው በቃ» አለ።

«ምን ማለት ነው?»

«ሥራ ሰጥተውኛል። እዚህ ሥራ ማግኘት ቀላል አይደለም፤ ሰው ይጠብቃል። እኔ ቶሎ ደረሰኝ።» ድምፁ ደስ ያለው ሰው ድምፅ ነበር፤ ከኋላው ለሚሰሙት ነው እንዲያ ያደረገው። «ነገ ጠዋት እጀምራለሁ። ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ይስተካከላል። እናንተም ከቤታችሁ ንቅንቅ አትሉም። ማንም አይነካችሁም፤ ቃል ተገብቶልኛል።»

«አትቀበለው።»

«ተቀበልኩት እኮ።»

«ያ ሰው እህት የለውም?»

የማሽኑ ድምፅ ጥሪው እየተቀዳ መሆኑን ተናገረ። «እንዲህ ዓይነት ነገር በዚህ ስልክ አይጠየቅም ኔሬ» አለ ዝግ ብሎ። «እማዬን ሳሚልኝ።» ዘጋው።

እናቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «ምን አለ?»

አባ ኦኖፍሬ ጋ ደወልኩ። ሲያነሡ ስሜን ነገርኳቸውና አንድም ቃል ሳይጠይቁኝ ተናገርኩ። ወንድሜ ነገ ጠዋት ሰው ሊወጋ ነው አልኳቸው። ስለቱ እጁ ሳይገባ ከዚያ አውጡት አልኳቸው። የነገረኝ እሱ ራሱ መሆኑንም ጨመርኩ።

«ይሄን ካስተላለፍኩ ወደ ኋላ መመለስ የለም» አሉ። «ለእሱም ለእናንተም።»

«አውቃለሁ አባ።»

«ስምሽን መግለጽ ይኖርብኛል።»

«ይግለጹት።»

እናቴ ወንበር ስባ ተቀመጠች። አላለቀሰችም፤ አልረገመችኝም። ለብዙ ጊዜ የጠረጴዛውን ልብስ በመዳፏ ስታስተካክል ቆየች። «የአባትሽን መቃብር ማን ያጠጣል?» አለች። ሣር ገና አልበቀለበትም ነበር። ሳህኖቹን በጋዜጣ መጠቅለል ጀመርኩ። ትንሽ ቆይታ ተነሥታ አገዘችኝ።

ሊሳንድሮን በዚያው ቀን አወጡት። አሁን ያለው ወገናቸውን የተዉ ሰዎች ባሉበት ሌላ እስር ቤት ነው፤ በእኔ ቃል የተነሣ መፈቻው ከጸደይ ወደ በጋ ተገፍቷል። እኛ በባሕሩ ዳር፣ አክስቴ ቤት፣ ጋራዡ ውስጥ ነን። እዚህ ማንም ከየት እንደመጣን አይጠይቀንም፤ እኛም አንናገርም።

ከብዙ ሳምንት በኋላ ደወለ። እናቴ ናት ያነሣችው። ቆማ አዳመጠችው፤ ስለ አበላሉ ጠየቀችው፤ ስለ ብርድ ልብሱ ጠየቀችው። እኔ አጠገቧ ስለነበርኩ ድምፁ በቀጭኑ ይሰማኝ ነበር፤ ቃላቱን ግን አልለይም። ዕቃ ማጠቢያው ላይ ተደግፌ ጠበቅሁ።

«እህትህ እዚህ ናት» አለችው በመጨረሻ። «ላቅርብልህ።»

ስልኩን ዘረጋችልኝ። ጆሮዬ ላይ ሳስጠጋው መስመሩ ተዘግቶ ነበር።